ሌሊት ራስ የሚፈልጠው ማን ነው? ከንዳድ እስከ ከሰል ፍም

"ቲቸር፣ ሌሊት ራሴን ሲፈልጠኝ አደረ።"

ገለጉ ላይ ከመስከረም እስከ ኅዳር ይህችን ዓረፍተ ነገር ያልሰማ አስተማሪ ያለ አይመስለኝም። ከክፍል የቀረው ምክንያቱ እሷ ናት፤ መጥቶ ዴስኩ ላይ የተደፋውም ምክንያቱ እሷ ናት። ተከትላ የምትመጣውም ቃል የታወቀች ናት፦ "ወባዬ ተነሳብኝ።" በቃ፣ ፍርዱ ተሰጠ። ምስክር አልተሰማም፣ ደም አልተመረመረም፣ ወባ ጥፋተኛ ተብላለች።

ወዳጆቼ፣ የቀድሞ ተማሪዎቼ፣ ዛሬ ረዘም ያለ ነገር ነው የምጽፈው። ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡት፤ ቡናው ራሱ ወደ ኋላ ላይ ታሪኩ ውስጥ ይገባል። እኔ የታሪክ አስተማሪ ነኝ እንጂ ሐኪም አይደለሁም፤ መድኃኒት አላዝም። ግን በሽታም ታሪክ አለው። ሰው ለሕመሙ ማንን ሲከስ እንደኖረም ታሪክ አለው። በእኛ ቆላ የሌሊት ራስ ምታት ብዙ ተከሳሽ ቀያይሯል፤ አንዳንዱ በትክክል ተከሷል፣ አንዳንዱ በሐሰት፣ አንዱ ደግሞ እስከ ዛሬ እየገደለ በነፃ ይሄዳል። ይህን ጽሑፍ ያስጻፈኝ እሱ የመጨረሻው ነው።

ከቃሉ ልጀምር። "ፈለጠኝ" የምንለው ዛሬ የተፈጠረ አነጋገር አይደለም። በድሮዎቹ የብራና ክታቦች ላይ ከሚጠሩት ሕመሞች ውስጥ ፍልጸት፣ ቁርጸትና ውግዓት ተደጋግመው ይገኛሉ። ቁርጸት ሆድ የሚቆርጠው፣ ውግዓት ጎን የሚወጋው፣ ፍልጸት ደግሞ ራስን እንደ ማገዶ የሚሰነጥቀው ነው። ክታቡ በባለቤቱ ቁመት ልክ ይዘጋጅ ነበር፤ ከእግር ጥፍር እስከ ራስ ጠጉር እንዲጠብቀው። አንዳንዱ አንገቱ ላይ ያስረዋል፣ አንዳንዱ ከመኝታው በላይ ይሰቅለዋል። ከመኝታው በላይ መሰቀሉን ልብ በሉልኝ። ያኔ ተከሳሾቹ ባርያ፣ ሌጌዎን፣ ዓይነ ጥላ፣ ቡዳ ነበሩ፤ የተኛ ሰው ደግሞ ራሱን አይከላከልም። ጤነኛ ሆኖ ተኝቶ ራሱን ይዞ የሚነሳ ሰው "አንድ ነገር ሌሊት ጎበኘኝ" ቢል፣ ሎጂኩ በራሱ መንገድ የሚያስኬድ ነው።

ምች የሚባለውንም ሳልጠቅስ ባልፍ እናቶች ይቀየሙኛል። ላብ ላይ ፀሐይ፣ ምግብ ላይ ፀሐይ፣ ከዚያ ማታ ራስ ምታትና ብርድ ብርድ ማለት። መድኃኒቱ ዳማከሴ፤ ታሽቶ ይሸተታል፣ ጭማቂው በቡና ይጠጣል። እዚህ ገለጉ ላይ ዳማከሴ ከደጋ በመኪና የሚመጣ ዘመድ ይዞት የሚመጣ ስጦታ ነው። ይኼን አልፋለሁ፤ ምች የቀን ክስ ነው፣ የእኔ ጉዳይ የሌሊቱ ነው።

የሌሊቱ ትልቁ ተከሳሽ ንዳድ ነበር።

ንዳድ ከ"ነደደ" የወጣ ቃል ነው፤ የሚያቃጥል ማለት። የዛሬ ልጆች "ወባ" እንጂ "ንዳድ" አይሉም፤ አያቶቻችን ግን ቆላን ከንዳድ ለይተው አያውቁም ነበር። ስኮትላንዳዊው መንገደኛ ጄምስ ብሩስ በ1790 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፉ ቃሉን ራሱን ይጠቅሰዋል። ምጽዋ ላይ ንዳድ ከበሽታዎች ሁሉ ዋነኛው እንደሆነ፣ በብርድና በራስ ምታት እንደሚጀምር፣ ብዙ ጊዜም በሦስተኛው ቀን እንደሚገድል ጽፏል። ብሩስ ለእኛ ሩቅ ሰው አይደለም። ከጎንደር ወጥቶ ወደ ስናር ሲሄድ በ1772 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ በራስ ኤል ፊል በኩል አልፏል፤ ያ ማለት ይኼው የእኛው የመተማ ቆላ ነው። እዚያ ላይ ተቅማጥ ይዞት ሊሞት ሲል የአካባቢው ሰው በዋጊኖስ አዳነው። ዛሬ ዓለም ያችን ተክል በሳይንሳዊ ስሟ "ብሩሲያ" ብሎ ይጠራታል፤ ያዳነው ሰው ስም ግን በስሟ ውስጥ የለም። (ይቺ ነገር ሁልጊዜ ታናድደኛለች፤ ይቅርታ፣ ከጉዳዬ አወጣችኝ።)

የደጋ ሰው ስለ ቆላ አንድ የጸና ደንብ ነበረው፦ ቀን ውረድ፣ ነግድ፣ ግን አትደር። በተለይ ከክረምቱ መውጫ እስከ ኅዳር ድረስ አትደር። አየሩ ሌሊት ይከብዳል፣ ከረግረጉ የሚነሳው ትነት ሰው ይይዛል ይባል ነበር። ፈረንጁም ከዚህ የተሻለ እውቀት አልነበረውም፤ "ማላሪያ" የሚለው ቃል ራሱ በጣሊያንኛ "መጥፎ አየር" ማለት ነው። ከአየር የሚመጣን በሽታ በጭስ የማባረር ሐሳብ እኛ ጋ ጨርሶ አልጠፋም፤ የ1911ዱ የኅዳር በሽታ ትዝታ ኅዳር 12 ቀን "ኅዳር ሲታጠን" እየተባለ እስከ ዛሬ በየደጁ ቆሻሻ ያስነድዳል። ቂም የለኝም፣ ቆሻሻውም ይጸዳል።

ይህ ደንብ ታሪክም ሠርቷል። ቋራ የካሣ፣ የኋላው አፄ ቴዎድሮስ፣ አገር ነው። ሸፍቶ ወደ ቆላው ሲወርድ ያስጠጋው በረሃው፣ ጫካውና የሕዝቡ ወገንተኝነት ብቻ አልነበረም። ከደጋ የሚመጣ አሳዳጅ ጦር ክረምቱን ቆላ ውስጥ ሰፍሮ መክረም አይወድም። ንዳድ ያለ ደመወዝ የሚዋጋ ወታደር ነበር ማለት ይቻላል። አፄ ዮሐንስ መጋቢት 1 ቀን 1881 ዓ.ም. መተማ ላይ ድርቡሽን የገጠሙት በበጋ ነው። ንጉሡ እዚያ ቆስለው በማግስቱ አረፉ። ያ ቀን በትምህርት ቤት ስናስተምረው ስለ ጥይቱና ስለ ወራሹ ጉዳይ ብዙ እናወራለን፤ እኔ ግን ሁልጊዜ ለተማሪዎቼ አንድ ሌላ ነገር እጨምራለሁ። በዚያን ቀን ከሁለቱም ጦር ውስጥ ንዳድ ከየት እንደሚመጣ የሚያውቅ አንድም ሰው አልነበረም። በዓለም ላይም አልነበረም። ላቨራን የሚባል ፈረንሳዊ የጦር ሐኪም አልጄሪያ ውስጥ በ1880 እ.ኤ.አ. ተውሳኩን በሰው ደም ውስጥ አይቶታል፤ ተውሳኩ ወደ ደም እንዴት እንደሚገባ ግን ገና አልታወቀም። ሮናልድ ሮስ ሕንድ ውስጥ ተውሳኩን በትንኝ ሆድ ውስጥ ያገኘው በነሐሴ 1897 እ.ኤ.አ. ነው። መተማ ላይ ያ ሁሉ ደም ሲፈስ ትንኟ ገና ስምንት ዓመት ነፃ ሰው ነበረች።

ግን "በዓለም ላይ ማንም አያውቅም ነበር" ስል ትንሽ መጠንቀቅ አለብኝ። እንግሊዛዊው ሪቻርድ በርተን በ1854 እ.ኤ.አ. ዘይላ ላይ ሳለ የሱማሌ ሰዎች የትንኝ ንክሻ ገዳይ ትኩሳት ያመጣል እንደሚሉ መዝግቧል። መዝግቦም አጣጥሎታል፤ ትንኝና ትኩሳት በአንድ ወቅት ስለሚበዙ የተፈጠረ ከንቱ እምነት ነው ብሎ። ሮስ ከመምጣቱ 43 ዓመት በፊት! የእኛው ጎረቤት እረኛ ከለንደን ምሁር ቀድሞ ነበር። ምሁሩ አልሰማውም እንጂ።

የደጋ አባቶችንም ብትገምቷቸው ቀላል ሥራ አልሠሩም። ትንኝ የነከሰችው ሰው ወዲያው አይታመምም፤ አስር ቀን፣ ሁለት ሳምንት ይቆያል። ነጋዴው ቆላ አድሮ፣ ጨውና ጥጡን ሸጦ፣ ጎንደር ቤቱ ገብቶ፣ ልጆቹን ስሞ፣ ከዚያ አንድ ሌሊት ራሱን ይዞ ይነሳል። ይህን ሕመም ከሁለት ሳምንት በፊት ከታደረ አንድ ሌሊት ጋር ማያያዝ ትልቅ ትዝብት ይጠይቃል። ሰዓቱን በትክክል አግኝተውታል፤ ሌሊት ነው። ቦታውን አግኝተውታል፤ ቆላ ነው። ወቅቱንም አግኝተውታል። ያላገኙት ተጠያቂዋን ብቻ ነው፤ እሷም ሌሊት እየበረረች ጆሯቸው ላይ ትዘፍን ነበር።

ንዳድ ቆላ ብቻ የሚቀር የመሰላቸው ግን በ1950 ዓ.ም. ክረምት ተሳስተዋል። ከዚያ ክረምት እስከ 1951 ታኅሣሥ ድረስ ወባ ወደ ደጋ ወጣች። ከባሕር ወለል በላይ ከ1,600 እስከ 2,150 ሜትር ያሉ፣ ሕዝባቸው በሽታውን የማያውቅ አካባቢዎች ተመቱ። በጊዜው በተሠራው ግምት 3 ሚሊዮን ያህል ሰው ታመመ፣ 150 ሺህ ያህል ሞተ። በሚቀጥለው ዓመት የወባ ማጥፊያ ድርጅት ተቋቋመ፤ በየቤቱ ዲዲቲ የሚረጩት፣ በየግድግዳው ቁጥር የሚጽፉት ሰዎች በብዙ ሽማግሌዎች ትዝታ ውስጥ እስከ ዛሬ አሉ። ስሙ "ማጥፊያ" ነበር። ወባ አልጠፋችም። በ2024 እ.ኤ.አ. ከጥር ወር መጀመሪያ እስከ ጥቅምት 20 ድረስ ብቻ በአገራችን ከ7.3 ሚሊዮን በላይ ሰው በወባ እንደታመመና 1,157 ሰው እንደሞተ የዓለም ጤና ድርጅት ገልጿል።

ስለዚህ "ወባዬ ተነሳ" የሚለው ተማሪ ብዙ ጊዜ ትክክል ነው። በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ወጣቶች በየዓመቱ ለሰሊጥ አረምና አጨዳ ከደጋ ወደ መተማ፣ ወደ ቋራ፣ ወደ ሁመራ ይወርዳሉ፤ ሜዳ ላይ ያድራሉ፣ አጎበር የያዘው ጥቂት ነው። አጨዳው ደግሞ የሚደርሰው በትክክል ትንኟ በምትበዛበት ወር ነው። የአያቶቻቸው "አትደር" የሚለው ደንብ ለእነሱ አይሠራም፤ እንጀራው እዚያ ነው። ከእነሱ መካከል ራሱን ያመመው፣ ያተኮሰው፣ የቃዠ ሰው ካለ፣ በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ መድረስ አለበት። ወባዋ ጭንቅላት ላይ ከወጣች እንደ ብሩስ ዘመን ሦስት ቀን እንኳን ላትሰጥ ትችላለች። ትኩሳቱ ደግሞ ሁለት ሳምንት አልፎት ምርመራው "ወባ የለም" ካለ ካላዛርም እንዲታይለት ይጠይቅ፤ በዚህ በእኛ መስመር ካላዛር ያለ ነገር ነው።

እሺ። አሁን ወደ ሌላው ተከሳሽ ልምጣ፤ ይቅርታ፣ ወዳልተከሰሰው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት አስተምሬው የነበረ ልጅ አንድ የደጋ ከተማ ውስጥ ኮሌጅ ይማር ነበር። የገለጉ ልጅ፣ ብርድ ምን እንደሆነ በመጽሐፍ ብቻ የሚያውቅ። ከሁለት ጓደኞቹ ጋር አንዲት ጠባብ ክፍል ተከራይተዋል። ሐምሌ ነው፣ ዝናቡ አያባራም። ማታ ቡና አፈሉ፤ ከሰሉ ውጭ ተቀጣጥሎ፣ ጭሱ ወጥቶለት፣ ፍሙ ቀይ ሲሆን "አሁን ጭስ የለውም" ብለው ምድጃውን አስገቡት። በሩን ዘጉ፣ የመስኮቷን ቀዳዳ በጨርቅ ወተፉ፣ ሞቃቸው፣ ተኙ።

ሌሊት 8 ሰዓት ግድም የእኔ ልጅ ራሱን ሲፈልጠው ነቃ። የቋራ ልጅ ምን ይላል? "ወባዬ ተነሳ።" ከቤት ይዞት የመጣ የተረፈ ኮአርተም ነበረው (ኮአርተም በሦስት ቀን ስድስት ጊዜ ተወስዶ የሚያልቅ መድኃኒት ነው፤ ቀድሞ ነገር እንዴት ይተርፋል?) በጨለማው ፈልጎ ዋጠና ተመልሶ ተኛ። ትንሽ ቆይቶ ሁለተኛው ልጅ "እኔንም ራሴን" እያለ ተነስቶ ሊያስመልሰው ወደ በሩ ሲሄድ ወደቀ። ያዳናቸው የመውደቁ ድምፅ ነው። አከራያቸው ሰምተው መጥተው በሩን ገፍተው ከፈቱ፤ ሦስተኛውን ልጅ ቢጠሩት አይሰማም። ጎትተው ወደ ግቢ አወጧቸው፣ ጎረቤት ተጠርቶ ሆስፒታል ተወሰዱ። ሦስቱም ተረፉ። ከሁለት ቀን በኋላ ስልክ ደውሎልኝ "ቲቸር፣ እኔ እኮ ወባ ነው ብዬ ነው" አለኝ።

ሦስት ሰው፣ በአንድ ክፍል፣ በአንድ ሌሊት፣ በአንድ ሰዓት ወባ አይነሳበትም።

ይህም ታሪክ አለው፣ የሚገርም ታሪክ። በጎንደር አብያተ ክርስቲያናት ግድግዳ ላይ ቅዱስ መርቆሬዎስ በጥቁር ፈረሱ ላይ ሆኖ በጦር የሚወጋውን ንጉሥ ያላየ የለም፤ ዑልያኖስ ከሃዲ ነው። ይህ ሰው ንጉሠ ነገሥት ከመሆኑ በፊት፣ በ350ዎቹ መጨረሻ፣ ዛሬ ፓሪስ በምትባለው ከተማ ከረመ። ክረምቱ በጣም በረታ። ለብርድ እጅ አልሰጥም ብሎ ሲጎብዝ ቆይቶ በመጨረሻ ትንሽ ፍም ወደ መኝታ ክፍሉ እንዲገባለት ፈቀደ። ራሱ በኋላ እንደጻፈው ራሱ ከበደው፣ እንቅልፍ ተጫነው፣ ታፍኖ ሊሞት ደረሰ፤ ተሸክመው አወጡት፣ ሐኪሞች አስመለሱትና ዳነ። የመርቆሬዎስ ጦር ሳያገኘው ከሰል ሊቀድመው ነበር። እሱ ግን ጥፋቱን በፍሙ ላይ አላደረገም፤ ሙቀቱ ከግድግዳው እርጥበት ትነት አስነስቶ እሱ መታኝ ነው ያለው። ያው "መጥፎ አየር"። እዚህም ቦታውና ሰዓቱ ትክክል፣ ተከሳሹ ስህተት።

እውነተኛው ጥፋተኛ የታወቀው ከዚያ 1,500 ዓመት ቆይቶ ነው። በ1850ዎቹ እ.ኤ.አ. ክሎድ ቤርናር የተባለ ፈረንሳዊ ካርቦን ሞኖክሳይድ የኦክስጅንን ቦታ በደም ውስጥ እንደሚቀማ አሳየ። በ1890ዎቹ ጆን ሃልዴን የተባለ እንግሊዝ አገር የሚሠራ ስኮትላንዳዊ ጋዙን በራሱ ላይ ጭምር እየሞከረ አጠና፤ ለከሰል ማዕድን ቆፋሪዎችም አይጥና ትናንሽ ወፍ ይዘው እንዲወርዱ መከረ፣ እንስሳቷ ከሰው ቀድማ ስለምትወድቅ። ይህ ጋዝ በደማችን ውስጥ ካለው ሄሞግሎቢን ጋር ከኦክስጅን ከ200 ጊዜ በላይ በበረታ ኃይል ይጣበቃል። ቀለም የለውም፣ ሽታ የለውም፣ ዓይን አያስለቅስም።

ቁም ነገሩ እዚህ ላይ ነው። እኛ የምንፈራው ጭሱን ነው። "ጭሱ ይውጣለትና አስገቡት" እንላለን። ጭሱ እኮ ባለጌ ግን ሐቀኛ ነበር፤ አስሎን፣ አስለቅሶን፣ በሩን ያስከፍተን ነበር። ቀይ የሆነው፣ የሚያምረው፣ ዝም ያለው ፍም ነው ሌሊቱን ሙሉ ጋዙን የሚያፈሰው። በላዩ ላይ እጣን ጣል ስናደርግበት ደግሞ ክፍሉ ቤተ መቅደስ ይመስላል። በየዓመቱ በክረምቱና በበዓል ሰሞን "ተኝተው ሳይነሱ ቀሩ" የሚለውን ዜና እንሰማለን፤ እንደ ቡዳ ሥራ እንገረማለን፤ በማግስቱ ምድጃውን እናስገባለን። በባህላችን "ከሰል አሰከረኝ" የሚል ቃል መኖሩ ራሱ ነገሩን እንደምናውቀው ያሳያል። ግን መድኃኒቱ ሎሚ ማሽተት፣ እርጎ መጠጣት ይመስለናል። ሎሚ ያንን ጋዝ ከደም አያስለቅቅም። የሚያስለቅቀው አየር ነው፣ ሲብስ ሆስፒታል ያለው ኦክስጅን።

የእኛ የቆላ ልጆች ለዚህ ይበልጥ የተጋለጡ ይመስለኛል። ገለጉ ላይ በሚያዝያ ሰው አልጋውን ግቢ አውጥቶ ሰማይ እያየ ነው የሚያድረው፤ ፍም ወደ መኝታ ቤት የሚያስገባ ሰው "ጤና የለውም እንዴ?" ይባላል። ከሰሉን እናከስላለን፣ በጭነት መኪና ወደ ደጋ እንልካለን፣ የተዘጋ ክፍል ውስጥ ምን እንደሚያደርግ ግን ልጆቻችንን አናስተምርም። የደጋው ልጅ አጎበር ሳይዝ ወደ እኛ ይወርዳል፤ የእኛው ልጅ የፍም ነገር ሳያውቅ ወደ እነሱ ይወጣል። ጎንደር፣ ደብረ ታቦር፣ ደብረ ብርሃን ያላችሁ ተማሪዎቼ፣ ይህን ስታነቡ ምድጃዋ ክፍላችሁ ውስጥ ካለች አሁን ተነስታችሁ አውጧት፤ ጽሑፉ ይጠብቃችኋል።

መለያውም ከባድ አይደለም። ራስ ምታቱ አብሮህ የተኛውንም ይዞታል ወይ? ወደ ውጭ ስትወጣ ይቀልልሃል ወይ? ትኩሳት የለህም ወይ? እነዚህ ሦስቱ ከሆኑ ወባን ተዋት፤ በሩን ክፈት፣ ያልነቃውን ሰው ጎትተህ አውጣ። ቴርሞሜትርም፣ ላቦራቶሪም አያስፈልግም።

የቀሩትን ተከሳሾች ፈጠን ብዬ ልለፋቸው። ማጅራት ገትር ስሙ ራሱ ምርመራ ነው፤ ማጅራትን የሚገትር። ኃይለኛ ራስ ምታት፣ ትኩሳት፣ አገጩን ወደ ደረቱ ማድረስ የማይችል ሰው። ከሱዳን ጋር የምንጋራው የበጋ በሽታ ነው፤ በ1981 ዓ.ም. የገባው ወረርሽኝ በአገራችን በአስር ሺዎች የሚቆጠር ሰው አሳምሟል። ከ2006 ዓ.ም. ጀምሮ በዘመቻ የተሰጠው ክትባት ዋናውን ዓይነት በጣም አዳክሞታል፣ ሌሎቹ ዓይነቶች ግን አሉ። እዚህ ላይ "እስኪነጋ ልየው" አይባልም።

ግፊት የብዙ ሰው ተጠርጣሪ ነው፤ እንደሚወራበት ግን አይደለም። መጠነኛ የደም ግፊት አብዛኛውን ጊዜ ድምፅ የለውም፤ ራስ የሚያሳምመው በጣም ሲያሻቅብ ነው። ስለዚህ ራሴን አላመመኝም ብሎ መድኃኒቱን የሚያቋርጥ ሰው ራሱን ያታልላል። ሌሊት እንደ ወፍጮ የሚያንኮራፋ፣ መሃል ላይ ትንፋሹ ቆሞ ድንገት እየቃተተ የሚመለስ ሰው ጠዋት ራሱን ከብዶት ቢነሳ ደግሞ እንቅልፉ ውስጥ አየር እያነሰው ነው፤ ሚስቱ የምታውቀውን ለሐኪሙ ትንገርለት። ጥርስ ማፋጨትም አለ፤ እኛ ጋ "ትል አለበት" ተብሎ መድኃኒት ይሰጠዋል፤ መንጋጋውና ጆሮ ግንዱ አካባቢ ግን ጠዋት ጠዋት ማመሙ ከራሱ ከማፋጨቱ ነው። ከሰነበተና እየባሰ ከሄደ፣ ጠዋት ጠዋት ከሚያስመልስና ዓይን ከሚያደበዝዝ ራስ ምታት ጋር ግን ቀልድ የለም፤ ጎንደር ሪፈር ይጻፍላችሁ።

ቡናን ደግሞ ቃል ገብቼ ነበር። በቀን ሦስት ጀበና የለመደ ሰው ድንገት ቢያጣው፣ ከመጨረሻዋ ስኒ ከ12 እስከ 24 ሰዓት ባለው ጊዜ ራሱን ያመዋል። ሒሳቡን ሥሩት፦ ከሰዓት በኋላ 9 ሰዓት ላይ የጠጣ ሰው ሰዓቱ የሚሞላው ከሌሊቱ 9 ነው። ጾም ሲገባ፣ ረመዳን ሲጀምር፣ ገበያ ላይ ቡና ሲወደድ የሚበዛው ራስ ምታት ውስጥ የዚህ ድርሻ ቀላል አይመስለኝም።

የሚገርመው ግን ሌላው ነው። በ1988 እ.ኤ.አ. ራስኪን የሚባል አሜሪካዊ ሐኪም በእንቅልፍ ላይ ብቻ የሚመጣ ራስ ምታት እንዳለ ጻፈ። በብዛት ከ50 ዓመት በላይ የሆኑትን ይይዛል፤ እንደ ደወል ሰዓት በየሌሊቱ በአንድ ሰዓት ይቀሰቅሳል፤ ቀን ላይ ዝር አይልም። ብዙዎቹን ታማሚዎች ከሚረዷቸው ነገሮች አንዱ ምን ይመስላችኋል? ከመኝታ በፊት አንድ ስኒ ጠንካራ ቡና። ሴት አያቴ ማታ ቡና ሳይጠጡ መተኛት አልችልም፣ ራሴን ይፈልጠኛል ይሉ ነበር። ሱስ ነው እያልን እንስቅባቸው ነበር። ሱሳቸው ይሁን ያኛው ነገር አሁን ማን ይመረምርልኛል? ግን መሳቃችንን አቁመናል።

ከገለጉ፣ ከሽንፋ፣ ከመተማ፣ ከቋራ ገጠሩ ያላችሁ፣ በተለይ ሽማግሌ ቤታችሁ ያለ፣ አንድ ነገር ጠይቁልኝ፦ በእነሱ ጊዜ ንዳድንና ከሰል ያሰከረውን ሰው እንዴት ይለዩ ነበር? ቃሉን እንዳለ፣ ሳታስተካክሉ ጻፉልኝ። ለሚቀጥለው ሴሚስተር የ10ኛ ክፍል ልጆች የአካባቢ ታሪክ ሥራ ልሰጥበት አስቤያለሁ።